ኦርጋኑን የተካው ፍላሽ

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ መዘምራኑን ያጀበው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለ ሙዚቃ ቤት የተሞላ ፍላሽ ነው። የኔ ሥራ ስፒከሩ ላይ ሰክቶ ቁልፉን መጫን ሆነ። ክረምቱን ሙሉ ኦርጋን ተለማምጄ፣ ባለፈው እሑድ መሀል ላይ ስለተሳሳትኩ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በፍላሽ እንዲሆን ወሰኑ። ሰብሳቢያቸው ኦቦ ቶላሳ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትዘኚ። ፍላሽ አይሳሳትም» አሉኝ። ይህን የሚሉት የገዛ ስልካቸውን ለመዝጋት የልጅ ልጃቸውን የሚያስጠሩ ሰው ናቸው።

መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ኦቦ ቶላሳ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዝማቹን ደገሙት። ሰውም ተከተላቸው። መንፈስ ከነካቸው ስንቴ እንደሚደግሙ እንኳን ፍላሹ፣ ባለቤታቸውም አያውቁም። ሙዚቃው ግን በራሱ ሰዓት ቀጥ አለ። ጉባኤው ያለ አጃቢ መዘመሩን ቀጠለ።

እኔ እኮ ከምንም በላይ የተለማመድኩት እሳቸውን መጠበቅ ነበር። ቀስ ብዬ ወደ ኦርጋኑ ሄድኩ። ጨርቅ ለብሷል፤ ገመዱም ተነቅሎ ለስፒከሩ ተሰጥቷል። እንደዚያው በጨርቁ ላይ፣ እስኪጨርሱ ድረስ እየጠበቅኳቸው ተጫወትኩ። ድምፅ የለውም እንጂ አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም።

ስንወጣ ኦቦ ቶላሳ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አየሽ? ዛሬ አንድም ስህተት የለም» አሉኝ።

«አዎ ኦቦ» አልኩ። አንድ ቀልድ ምላሴ ላይ ነበር፤ እንባዬ ቀደመው። እሳቸው የደስታ መስሏቸው እጆቼን ያዙና ስለ ፍላሹ ጌታን አመሰገኑ።