ግንድ ያጠረው ቤት

ቱክቶያክቱክ፣ ኦክቶበር 6
ባሕሩ ገና በረዶ ሆኖ አልረጋም

ለባለቤቴ ለአውጉስታ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእግርሽ ቁስል ደረቀ ወይ? ስልክ አልወድም። አንቺ «ትጮኻለህ» ትይኛለሽ፤ ከዚያ «ደህና ነኝ» ብለሽ ስልኩን ለሆስፒታሉ ነርስ ታቀብያታለሽ፣ እኔም የምለው ይጠፋኛል። በወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም።

እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እንቢ ብሎኛል። ነፋሱ ከምዕራብ ነው። ማዕበሉ ከመቃብር ቦታው በታች ያለውን ዳርቻ እንደ ቂጣ እየቆረሰ ይወስደዋል። እነሣለሁ፣ ምድጃው ላይ እንጨት እጨምራለሁ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ አያለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። በረዶው ቶሎ ቢጋገር ወጥመዴን ይዤ ወጥቼ እገላገል ነበር።

ስለ ባህል ማዕከሉ ልንገርሽ። አንቺ ስትሄጂ ምሰሶዎቹ ብቻ ነበሩ የቆሙት። አሁን ጣራውም መስኮቱም ገብቷል። ከበሮ የሚመታበት አዳራሽ አለው፣ ቀንድና አጥንት የሚቀረጽበት ክፍል አለው። በአዳራሹ መሐል የጥንቱን የግንድ ቤት እንድሠራ የጠየቁት እኔን ነው፤ በእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ሰው እኔ ብቻ ስለቀረሁ። ሥራውን የምትመራው ዶሪን ናት፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኙ የዊልፍሬድ ልጅ። ትንሽ ሳለች መርፌሽን እየሰረቀች ታስቸግርሽ የነበረችው።

እኔ የጀመርኩት አባቶቻችን እንደሚሠሩት ነው። ግንዱን አቆምኩ፣ መግቢያውን ዝቅ ያለ ዋሻ አደረግኩት፣ ሰው እየዳኸ እንዲገባበት። ብርድ እንደ ውሃ ነው፣ ታች ይተኛል፤ ሙቀት ላይ ይቀራል። ይህን ውሻ እንኳ ያውቃል። ዶሪን መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና ቤቱ ሌላ በር ያስፈልገዋል አለች፤ ሰፊ፣ ከወለሉ ጋር እኩል የሆነ።

«አያ ሲላስ፣ መዳህ የማይችል ሰውስ?» አለችኝ።

«በሩ የተበረገደ የግንድ ቤት የውሻ መጠለያ ነው» አልኳት።

የግንባታ ሕጉ እንዲህ ይላል አለች። ሕጉን የጻፈው ሰው መጥቶ እዚህ አንድ ክረምት ይክረም አልኩ። ልጅቷ አባቷን ነው የምትመስለው፤ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ከቆመችበትም አትነቃነቅም። መጥረቢያዬንና መሮዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ ቤት ተቀመጥኩ፣ መቀመጥ ከተባለ። የዓሣ መረቡን ጠገንኩ። የተቀደደው ሲያልቅ ያልተቀደደውን ጠገንኩ።

ነርሷ የደወለችው በዚያው ሰሞን ነው። እዚያው የሎውናይፍ ከተማ፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ አልጋ እንዲሰጡሽ ስምሽን ልታስመዘግቢ እያሰብሽ መሆኑን ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ቱክቶያክቱክ ውስጥ ደረጃ የሌለው ቤት የለም፤ ባሌም እንደ ታደነ አጋዘን ተሸክሞ እንዲያስገባኝ አልፈልግም» ብላለች አለችኝ። የእርስዎስ ሐሳብ ምንድን ነው ብትለኝ «እሷ ታውቃለች» አልኩና ዘጋሁት። ከመሄድሽ በፊት እሸከምሻለሁ ስልሽ ለምን እንደ ሳቅሽ ያኔ አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሩበን መጣ። የነጭ ዓሣ ነባሪውን ቋንጣ ሳይጠይቀኝ አውርዶ እየቆረጠ፣

«አንተ ሽማግሌ፣ ከሥራ ተባረርክ አሉ» አለኝ።

«ማንም አላባረረኝም፤ ተውኩት።»

መረቡን አንሥቶ አየውና «ሁሉንም ቀዳዳ ደፈንከው እኮ። ዓሣው በየት ይግባልህ?» አለ።

ስለ በሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። የአባቴን ቤት፣ የአያቴን ቤት፣ ብርዱ እንዴት ታች እንደሚቀር፣ ሁሉንም። እያኘከ አዳመጠኝ። እንደ ጨረስኩ፣

«እሺ። አውጉስታ በየት ትገባለች?» አለኝ።

መረቡን ከእጁ ቀማሁት። እሱም ቋንጣዬን ጨርሶ ሄደ። እስኪመሽ ድረስ ዳርቻው ላይ ስመላለስ ዋልኩ።

ሲነጋ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዶሪን ሻይ ቀዳችልኝ። የዋሻውን መግቢያ ጣት ታህል አልነካሁትም፤ መንበርከክ የሚችል ይንበረከክ። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎን፣ ድሮ ሴቶች መብራት ይዘው ተቀምጠው የሚሰፉበትን፣ የውጭ ግድግዳውን ሳላቆም ተውኩት። ወለሉ ከአዳራሹ ወለል ጋር እኩል ነው።

ዶሪን ይሄ ግድግዳ የት ሄደ ብትለኝ «ግንድ አጠረኝ» አልኳት።

በመስኮቱ አሻግራ ዳርቻውን አየች። ወንዙ ከደቡብ እየነዳ ያመጣውን፣ ባሕሩ የተፋውን ግንድ ታውቂዋለሽ፤ ለመርገጫ እንኳ ቦታ የለም።

«አዎ፣ ዘንድሮ ግንድ ጠፍቷል» አለችኝ። አልሳቀችም። ጨዋ ልጅ ናት።

ስፋቱ ይበቃ እንደሆነ ለማየት ከጤና ጣቢያው ባለ ጎማ ወንበር ተውሼ ተቀምጬበት ገባሁ፣ ዞርኩ፣ ወጣሁ። ሩበን በመስኮት አይቶኝ ኖሯል። ሲመሽ አያ ሲላስን እግሩ ከዳው ተብሎ ሰው ሁሉ ሾርባ ይዞ መጣ። ደህና ነኝ ብል ማን ይስማኝ። ሾርባውን ግን በላሁት።

ለዚያ ለስፌቱ ቦታ አስተማሪ አላገኙም። ልጃገረዶቹ ለካፖርቱ ጠርዝ የሚሆነውን ጨርቅ ይቆርጣሉ፣ ቀለም ማቀናጀት ግን አያውቁም፤ ቀይ ከቀይ ጎን ይሰፋሉ። እኔን ጠየቁኝ፤ እኔ ምን አውቄ። የመርፌ ሣጥንሽን ወስጄ እዚያ አኑሬዋለሁ፤ ቤት ውስጥ እንቅፋት ሆነብኝ።

ሌላ ወሬ የለም። ከማዕከሉ ሥራ የተረፈ ጣውላ ነበር፣ ከመንገዱ ጀምሬ እስከ በራችን ድረስ ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ ሠራሁበት። ረጅም ነው፣ ቤቱን ዞሮ ይሄዳል። ለዓሣ ማጓጓዣ ይሆናል፤ የእኔም ጉልበት ደረጃ መጥላት ጀምሯል። ሩበን ቆሞ አየና «ለአዳራሹ ግንድ አጠረህ፣ ለቤትህ ጣውላ ተረፈህ?» አለኝ። ዝም ብለህ ምስማር አቀብለኝ አልኩት።

አዳራሹ የሚመረቀው ባሕሩ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ነው። ከኢኑቪክ የሚያመጣው መንገድ ደህና ነው፤ ሩበንም መኪናውን አስጠግኗል፣ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ ሰው ማምጣት አይከብደውም። ስምሽን አስመዝግበሽ ከሆነ የራስሽ ጉዳይ ነው። አልለምንሽም፤ አንቺም ልመና አትወጂም።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እግርሽን ወስዷል፣ እጆችሽን ይተውልሽ።

ባልሽ
ሲላስ

በረዶ ሲይዘው እንዳያንሸራትት መወጣጫው ላይ አሸዋ በትኜበታለሁ። ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ። ዛሬ በረዶ አልጣለም፤ ቢሆንም ጠርጌዋለሁ።