የበደልኳቸው ሰው ዋስ ሆኑኝ

ይድረስ ናይሮቢ ለሚገኘው ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በላይነህ አዳነ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህስ? ባለፈው በላክኸው ፎቶ ላይ ከአንተ ቀድሞ የታየኝ እሱ ስለሆነ ሰላም ሳልለው ማለፍ ነውር መሰለኝ። እትዬ ቤተልሄም እንዴት ነች? ሱቁስ? ትንሹ አክሊል አሁንም ስዋሂሊውን ብቻ ነው ወይ የሚያወራው? የእኛን አገር ሰላምታ ላሟላልህ ብዬ «አካም፣ ናጋ፣ ከብቱ ደህና ነው?» ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ናይሮቢ ላይ ያለህ ከብት የሚስትህ ድመት ብቻ ነች አሉ። ለድመቷም ሰላም በልልኝ።

እኔ ከእጄ መዳፍ በቀር ደህና ነኝ። የመዳፌን ነገር ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምህ፤ ስልኬን ፖሊስ ይዞታል፣ ኤግዚቢት ነው ይባላል። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የነካሁት በሰው ጀርባ ላይ «የሚሸጥ» ብዬ ለመለጠፍ ብቻ ስለሆነ ፊደል ብገድፍ በዝምታ እለፈው።

ሾፌሩ ሽመልስ መልእክትህን አድርሶኛል። «የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሳይደርስ ሞያሌ ድረስ ይምጣ፣ ከዚያ ወዲህ የእኔ ጉዳይ ነው» ብለሃል። ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ነገሩን ከእኔ ስማው፤ አንተ የሰማኸው ከእህታችን ከእሙሽ ነው፣ እሙሽ ደግሞ አንዲት ጊደር ከሞተች መንጋው አለቀ ብላ የምታለቅስ ሰው መሆኗን ታውቃለህ።

ያን ድሮን ስትልክልኝ «ለሠርግ ቀረጻ ይሆንሃል፤ ነገሌ የጦር ካምፕ አለ፣ ወደዚያ እንዳትልከው» ብለኸኝ ነበር። በእናቴ፣ ወደ ካምፑ አልላክሁትም፤ እንደዚያ አልደፈርኩም። የላክሁት ወደ እትዬ ንግሥት ጠጅ ቤት ነው። ድምፁ ቁርጥ ንብ ነው። ጠጪዎቹ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እንደተቀመጡ ከቅጠሉ በላይ አቁሜው ከአጥር ጀርባ «ንብ ተነሣ» ብዬ ጮህኩ። ብርሌ ጥሎ የሮጠ፣ ብርሌ ይዞ የሮጠ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ጠረጴዛ ሥር የገባ፣ ሁሉንም ቀረጽኩት። ከተማው ሳምንት ሙሉ ሲስቅበት ከረመ። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ እየሳቅሁ «ሰው እንዲህ ከሮጠ ከብት ቢሆንማ ምን ሊሆን ነው» እላለሁ። ይህችን ቃል ያዝልኝ፤ ኋላ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሞሉን ታስታውሰዋለህ፤ አብሮኝ የተማረው፣ የቦረናው የኦቦ ኩራ ልጅ። እኔ ትምህርት ስተው እሱ ደግሞ ወደ አባቱ ከብት ተመልሷል። በዚህ ድርቅ ወራት ወደ አሬሮ በሚወስደው መንገድ ባለው ኤላ ነው የሚያጠጡት፤ ልጅ ሳለን አባባ አፉ ጋ እንዳንደርስ ይከለክሉን የነበረው ጥልቅ ጉድጓድ። ሰዎቹ ከሥር እስከ ላይ እርስ በርስ ተደራርበው ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ ገንዳውን ይሞላሉ፤ ከብቱ ደግሞ በዚያ በጠባቡ ቁልቁለት በተራ እየወረደ ይጠጣል። ያንን ከሰማይ ብቀርጸው አገር ያየዋል ብዬ አሰብኩ። ሞሉ ነግሮኛል። «ከላይ ከሩቅ ሁን፤ በበጋ ንቡም ውሃ ፍለጋ ገንዳው ላይ ስለሚመጣ ከብቱ ድምፁን ያውቀዋል፣ ይፈራዋል» ብሎኛል። እሺ አልኩት። መጀመሪያም በሩቁ ነበር ያበረርኩት። ከሩቅ ግን ከብቱ ጉንዳን ይመስላል። ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። አሁንም ትንሽ። ቀንዳቸው ጥርት ብሎ ሲታየኝ ደስ አለኝና ጨመርኩበት።

ታች ያሉት ከብቶች ደንብረው ወደ ላይ ዞሩ፣ ላይ ያሉት ገና እየወረዱ ነበር። ሞሉ መሐል ላይ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ሌላውን አልጽፍልህም፤ ጭኑ ተሰብሯል፣ አንዲት ጊደር አንገቷ ተቆልምሞ እዚያው ቀርታለች። እኔ ሪሞቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሰው ሁሉ እየጮኸ፣ አቧራው እየጨሰ፣ ያ ነገር ምንም እንዳልተፈጠረ ከሁላችንም በላይ ተንሳፍፎ «ዝዝዝ» ይላል። እንዳወርደው እንኳን ትዝ አላለኝም፤ ባትሪው ሲያልቅ ራሱ ወረደ።

መርማሪዋ ሳጅን ረሆቦት ትባላለች። በዕድሜ ከአንተ አትበልጥም፣ በቁጣ ግን አባባን ታስከነዳለች። «ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። «ከሰማይ ወረደ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። ሰው ሲስቅልኝም ሲሰድበኝም ቀልድ አላጣም፤ ለማይስቅም ለማይሰድብም ሰው ግን ቀልድ አይወጣኝም። ስምህን ሰጠኋት። አትደንግጥ። ያለ ቀረጥ መግባቱ የራሱ ጣጣ አለው፣ ዕቃውም መወረሱ አይቀርም፤ ለሰው እግር የሚጠየቀው ግን የላከው ሳይሆን ሪሞቱን በእጁ የያዘው ነው አለችኝ። «አሻንጉሊት እኮ ነው» ብላት «አሻንጉሊት የሰው ጭን አይሰብርም» አለችኝ።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ያለ ፈቃድ ማብረሩ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሰው ሳያስብ በሠራው ነገር ጉዳት ቢያደርስ ቸልተኛ ይባላል፤ ጉዳት ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «ግድ የለም፣ አይደርስም» ብሎ ቢገፋበትም ያው ቸልተኛ ነው፣ ዳኛ ፊት ግን ይከብዳል። መታሰርም ሊኖር ይችላል፣ መቀጮም፤ ካሣው ደግሞ ለብቻው ነው። በሽማግሌ መታረቅ ቅጣት ያቀልል እንደሆን እንጂ ክሱን አያነሣውም። «አንተ የትኛው ነህ?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ የእትዬ ንግሥትን ቪዲዮ ከፈተችው። መጨረሻው ላይ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ጋሼ፣ ራሴን ሰምቼ ያልሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዋስ አምጣ ተባልኩ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ተሰልፎ የመጣው። አንዱን ጎረቤት በውሸት ሎተሪ አስጨፍሬዋለሁ፣ ሌላዋን በሞተ እባብ አጥር አዝልያታለሁ፣ ሁሉም የዚያን ቀን ሥራ በዛበት። እማዬ እትዬ ንግሥት ደጅ ሄዳ ብትለምናት «ንቡ ይዋሰው» አለቻት። በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ራሴ በሳቅሁ። አባባስ? ዩኒፎርም የለበሱ ይመስል ቀጥ ብለው መጡና ለሳጅኗ «ሃምሳ አለቃ ሆኜ ለስንቱ ወታደር ፈርሜያለሁ፣ ለዚህ ግን አልፈርምም። ቁም ሲሉት ይሄዳል፣ ሂድ ሲሉት ይቆማል» ብለዋት ወጡ። ወደ እኔ አላዩም።

የመጡት ኦቦ ኩራ ናቸው። ከሆስፒታል፣ ከልጃቸው አልጋ ሥር ተነሥተው። ሳጅኗ ለክስ የመጡ መስሏት ወንበር ሳበችላቸው፤ «ልዋሰው ነው» አሉ። «አባቴ፣ እርስዎ እኮ ተበዳይ ነዎት» አለቻቸው። «እሱን አውቃለሁ» አሉ። «ይህ ልጅ ቢጠፋ በእርስዎ እንደሚመጣ ያውቃሉ?» «እሱንም አውቃለሁ። ልጄ ተኝቷል፣ ይህም እዚህ ከተቀመጠ በሞሉ ቦታ ማን ይቆማል? ከብት ውሃ የሚጠጣው በቀጠሮ አይደለም» አሏት። ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ውጭ ስንወጣ አመሰግናለሁ ለማለት አፌን ብከፍት «ውሃ ስታወጣ ታመሰግነኛለህ» አሉኝ።

እና አሁን ከኤላው ውስጥ ከታች ሦስተኛ ነኝ። ከሥሬ ያለው ሰው የሞላ ባልዲ ወደ ላይ ያቀብለኛል፣ ተቀብዬ ከራሴ በላይ ለቆመው አቀብላለሁ፣ ባዶውን መልሼ አወርዳለሁ። ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ ከሌለ እጅ እኩል አይሄድም። ግጥሙን ገና በደንብ አልያዝኩትም፣ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ፣ ያውቁብኛል፣ ይስቁብኛል። መዳፌ ተልጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተልጦ አሁን የአህያ ሰኮና ሆኗል። ሞሉን ሆስፒታል ሄጄ ባሳየው «እግሬ ሲድን በአንተ ነው የማርሰው» አለኝ። ይቅርታ ስለው «ይቅርታህን ተወውና ጥቁሯን ላም ቀድመህ አታጠጣ፣ ትቀብጣለች» አለኝ።

ሽመልስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ አስጠራኝ። ከኤላው ወጣሁ። ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ያለውን ወንበር አራግፎ፣ ውሃ የቀዘቀዘ በላስቲክ አስቀምጦልኛል። «ወንድምህ ወንበሩን ይዞልሃል» አለኝ። ኦቦ ኩራ አይተዋል። ቀና ብለው አዩንና ዞር ብለው የአንዲት ላም ጆሮ መመርመር ጀመሩ። ተው አላሉኝም፣ ወዴት ነው አላሉኝም። ቢቆጡኝ እሄድ ነበር መሰለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ገብቼ ተቀመጥኩበት። ይመቻል። በሩን ልዘጋ ስል ዘፈኑ መቆሙን ሰማሁ። ከዚያ ከጉድጓዱ ውስጥ በኦሮምኛ ስሜን ጠሩኝ። ከሥሬ የሚቆመው ሰው የሞላ ባልዲ ከአናቱ በላይ አንሥቶ እየጠበቀኝ ነው ማለት ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ባልዲ ማስቀመጫ የለም፤ እጁ ዝሎ ቢለቀው ከታች ያለው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። ወርጄ ሄድኩ። ማታ ከብቱ ተሰብስቦ ሲያበቃ ኦቦ ኩራ «ወንበሩ ይመቻል?» አሉኝ። «ይመቻል» አልኳቸው። «ደህና» አሉ። ከዚያ ወዲህ አላነሡትም።

ስለዚህ ጋሼ፣ አልመጣም። እኔ ብጠፋ ናይሮቢ ሱቅህ ውስጥ ሸሚዝ አጥፌ እኖራለሁ፤ እኔን ፈልገው ሲያጡ የሚጠሩት ግን የልጃቸው ጭን በጄሶ የታሰረ ሽማግሌ ናቸው። አንድ የቀበሌ አዋቂ «ነፋስ ወሰደብኝ በል፣ ማን ያይብሃል» ብሎ መክሮኛል። ነፋስ አልነበረም። ሞሉ አስጠንቅቆኝ እንደነበር፣ ድምፁ ምን እንደሚያደርግ በእትዬ ንግሥት ደንበኞች ላይ ፈትኜ እንደማውቅ እናገራለሁ። ዳኛው የፈለገውን ይበል። ቢያስሩኝ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ይህን ስጽፍልህ እየቀለድኩ አይደለም፣ እፈራለሁ። ግን ፈርቼ እገኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ትናንት እሙሽ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ከሥሩ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ብፈታው የአባባ ኮት ነው፤ ያ ለትንሣኤና ለሠርግ ብቻ የሚለብሱት ጥቁሩ። ምን አሉ ብላት «ፍርድ ቤት በቲሸርት አይቀርብም፣ ብቻ ነው ያሉት» አለችኝ። ለመውጣቴ ያልፈረሙት ሰውዬ ለመቅረቤ ኮት ላኩ። ለካሁት፤ እጅጌው ረዝሞብኛል፣ ትከሻው ግን ልክ ነው። ኤላው ነው ትከሻ ያወጣልኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ በየቀኑ ሻማ ይዛ ኪዳነ ምሕረት ትሄዳለች፣ ለማን እንደሆነ ግን አትነግረኝም። እሙሽ ጫማ ላክልኝ ትላለች፣ ቁጥሯን ደጋግማ ነግራኛለች፣ ሆን ብዬ አልጻፍኩልህም። አባባ ሰላም በለው አላሉኝም፣ ግን ስጽፍ ቢያዩኝ ይሉኝ ነበር። ሞሉ «ሌላ የሚበር ነገር እንዳትልክ» ይልሃል። እትዬ ቤተልሄምን ሳምልኝ። አክሊልን ጆሮውን ቆንጥጠህ፣ አጎትህ ነው በለው፣ በአማርኛ።

ደብዳቤውን ሽመልስ ዛሬ በዚህ ሲመለስ እሰጠዋለሁ። ለእኔ በያዝክልኝ ወንበር ላይ ደብዳቤው ተቀምጦ ይመጣል። አጠገቡ የቅቤ ዕቃ አለ፤ የሞሉ እናት ናቸው የላኩልህ፣ «ለልጁ ወንድም» ብለው።

ታናሽህ ፀጋአብ አዳነ
ከነገሌ ወደ አሬሮ በሚወስደው መንገድ፣ ኤላው ዳር
መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.