የአባዬ ፓራውልት

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ትናንት ሳላስፈቅድ ስነዳ አየር ጤና ላይ የቆመ ሚኒባስ ገጭቼ የአባዬን መኪና የፊት ፓራውልት ሰነጠቅኩት። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ከወልቂጤ ሊመለስ ነበር። «ሃያ ዓመት ስነዳ አንድ ቦታ አልነካሁም» እያለ፣ መንጃ ፈቃድ ያላትን እማዬን እንኳ መሪ አስይዟት አያውቅም።

በጠዋት ወደ ሰፈራችን ባትላሜራ፣ ወደ ጋሽ ከድር ሮጥኩ። ፓራውልቱን ፈትተው ሲገለብጡት ከውስጥ በኩል በቀጭን ሽቦ የተሰፋ የቆየ ስንጥቅ ወጣ።

«ይሄማ የእኔ እጅ ነው። አባትሽ ያኔ ገጭቶ ሲያመጣው ‹ሚስቴ እንዳትሰማ› ብሎኝ ነበር» አሉኝ እየሳቁ።

እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ፤ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ይዤው ገባሁ።

አባዬ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ መኪናውን ዞረው። ፓራውልቱን ሲነካው ጣቱ ላይ ቀለም ቀረ።

«ማን ጋ ወሰድሽው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጋሽ ከድር ጋ።»

ቀለም የነካውን እጁን ኪሱ ከተተ። እማዬ ከበሩ ላይ «ምን ሆነ?» ስትል ሁለታችንም ባንድ አፍ «ምንም» አልናት።

እማዬን አብረን መዋሸታችን ግን ደስ አላለኝም። ነገ አባዬን «ቁልፉን ለእማዬ ስጣት» እለዋለሁ። እምቢ ካለ ፓራውልቱን እማዬ ፊት ራሴ እፈታዋለሁ።