ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው ጋቢ

መሳይ፣

ጋቢውን ከመኪናዋ ዳሽቦርድ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሌባ ገባ ብለህ አትደንግጥ። የፀሐይ መከላከያ ገዝቼ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬልሃለሁ፤ መስታወቱ ላይ ዘርጋው። ስታቆማት ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራት። ዳሽቦርዱን ዘይት አትቀባው፤ ለጊዜው ያብረቀርቅና ኋላ ይሰነጠቃል።

ያ ጋቢ እማዬ ሽሮ ሜዳ አሠርታ በመልሳችን ዕለት ለሁለታችን ያለበሰችን ነው። አንተ ግን "አሮጌ ጨርቅ መስሎኝ" አልከኝ።

ልክ ነህ፣ ዳሽቦርዱ ምንም አልሆነም። የጥለቱ ቀለም ግን ለቋል።

ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ቁስቋም፣ እማዬ ቤት ነኝ። የቤት ቁልፌን ከመከላከያው ጋር ታገኘዋለህ።

ቁስቋም ይበርዳል። ጋቢው ለአንድ ሰው ይበቃል።

የዓለምወርቅ