ሥጋ ያልበላንበት ምሳ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አማቴ፤

እንዴት ሰነበቱ እማማ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ያ የግራ ጉልበትዎ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል ወይስ ታረቃችሁ? እኔና የልጅ ልጅዎ ደህና ነን፤ አምላክ ይመስገን። እሷማ በቁመት በልጣኝ ጫማዬን ሳታስፈቅድ አድርጋ ትወጣለች። ስቆጣት፣ አያቴ ጋ እሄዳለሁ እያለች ታስፈራራኛለች። መሄጃ አላት ማለት ነው፤ ደስ ይለኛል።

እማማ፣ አሁን የምጽፍልዎትን በስልክ ልነግርዎት ደውዬ ስለ አየሩ ብቻ አውርተን ዘጋሁት። አፌ እምቢ ስላለኝ በእጄ ልሞክር። ቅዳሜ ዕለት ከአንድ ሰው ጋር ምሳ በላሁ።

ሰውየውን በጨዋታ መሀል አንስቼልዎት ነበር፤ የመሥሪያ ቤታችንን ሊፍት የሚጠግነው ነው። ስሙን ሁሉም ሰው ረስቶታል፤ እሱንም «ሊፍቱ» ነው የምንለው። ሊፍቱ ሲቆም፣ በሉ ሊፍቱን ጥሩት እንባባላለን። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ ልጅ የለውም። እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ስለምቀመጥ ሲገባም ሲወጣም ሰላም ይለኛል። ሰላምታው ቀስ በቀስ ረዘመ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የደበቅኩዎት ሌላ የለም።

ሊፍቱን የሚጠግንለት ሌላ ፎቅ አለ፤ አናቱ ላይ የታወቀ የጣሊያን ምግብ ቤት ያለበት። ሥጋ በከሰል የሚጠበስበት፣ ሰው ከረባት አስሮ የሚገባበት ቤት ነው። አንድ ቀን የምግብ ቤቱ ባለቤት ከእንግዶቹ ጋር ሊፍት ውስጥ ሲዘጋባቸው ያወጣቸው እሱ ነበር። ባለቤቱ ታዲያ ለምስጋና፣ ከፈለግኸው ሰው ጋር መጥተህ ብላልኝ ብሎ ጋበዘው። የፈለገው ሰው እኔ ሆንኩ።

የደነገጥኩት እሺ ካልኩ በኋላ ነው። እርስዎ ያውቃሉ። ከዚያ የመኪና አደጋ ወዲህ፣ ልጅዎ መሪውን እንደጨበጠ አጠገቤ ካረፈ ወዲህ፣ ቀይ ሥጋ ባየሁ ቁጥር ያ መንገድ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። ለሰውየው ግን አልነገርኩትም። በመጀመሪያ ግብዣ ሙሾ ይዤ ልቅረብ?

ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ወደ ምግብ ቤቱ የሚያወጣን ሊፍት ሲነሳ ሰውየው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና፣ ዛሬ ደህና አድሯል አለኝ፤ ልክ ስለ በሽተኛው እንደሚናገር ሐኪም።

ቤቱ ያምራል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጥቁር እንጨት፣ ለአንድ ሰው ለምን እንደሚበዛ ያልገባኝ ብርጭቆ። በአንደኛው ግድግዳ ግን ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ የመስታወት ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ ሥጋ በመንጠቆ ተንጠልጥሎ መብራት በርቶበታል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ቀደም ብሎኝ ሄደና ከመስታወቱ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ለራሱ ያዘ፤ ወደ መስኮቱ የሚያሳየውን ለእኔ ሳበልኝ። አጋጣሚ ነው አልኩ በልቤ።

የቤቱ ደንብ ሆኖ ሥጋው ከመጠበሱ በፊት ጥሬውን በትልቅ መክተፊያ አድርገው ለበላተኛው ያሳዩታል። አስተናጋጁ ከጎናችን ላሉት ሰዎች ይዞ ብቅ ሲል፣ ሰውየው ድንገት ተነሥቶ ኮቱን ያወልቅ ጀመር። አወለቀው፣ አራገፈው፣ ወንበሩ ላይ ሰቀለው፣ አልተመቸውም መሰል እንደገና አንስቶ ሰቀለው። መክተፊያው ተመልሶ እስኪሄድ ድረስ እንደ መጋረጃ ፊቴ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ።

አስተናጋጁ ወደ እኛ ዞሮ፣ ባለቤቱ ለእናንተ ብሎ ያስቀመጠው ሥጋ አለ አለን። ከነአጥንቱ፣ አራት ጣት የሚወፍር፣ ውስጡ ቀይ እንደሆነ የሚበላ። ላምጣውና እዩት ሲል፣ ሰውየው፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ጥርሴ አልችል ብሏል፤ ለሁለታችንም ፓስታ በአትክልት አድርግልን አለው።

እማማ፣ ይህ ሰው የኤሌክትሪክ ሽቦ በጥርሱ ሲልጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥርሴ አልችል ብሏል የሚለውን ቃል ከእርስዎ ሌላ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ከቀብሩ በኋላ እኛ ዘንድ የተቀመጡ ጊዜ፣ ሰሐኔን ገፍቼ ወደ ጓሮ ስሮጥ አዩኝ። በማግስቱ ልጅቷን ጠርተው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ እዚህ ቤት አይሠራም፣ ጥርሴ አልችል ብሏል አሏት። እሷ እስካሁን ሥጋ ከቤታችን የጠፋው በአያቷ ጥርስ ምክንያት ይመስላታል። እኔና እርስዎም አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም።

ባለፈው ወር ሰውየው እናንተ ከተማ የሆስፒታሉን ሊፍት ሊሠራ ሄዶ ነበር። ሲመለስ፣ እንዴት ነበር ስለው፣ ደህና ነው፣ ደጋግ ሰዎች አሉ ብቻ ነው ያለኝ። እርስዎን አግኝቶ ይሆን ብዬ እሱን አልጠየቅኩትም። እርስዎንም አልጠይቅዎትም።

ፓስታው ሲመጣ እንባዬ ቀደመኝ። መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና እስክጨርስ አቀርቅሮ ጠበቀኝ። ከዚያ ስለ ልጅዎ ጠየቀኝ። እንዴት እንደሞተ አይደለም፤ ምን ይወድ እንደነበር። ዜማ እየሳተ መዝፈን ይወድ እንደነበር ነገርኩት። ሌሊት ብርድ ልብሱን ብቻውን ተጠቅልሎ፣ ጠዋት አንቺ ነሽ የወሰድሽው እያለ ይከሰኝ እንደነበር ነገርኩት። ስሙን ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት። ምግቡ ቀዘቀዘ፤ ሁለታችንም የቀዘቀዘውን በላን።

በመጨረሻ ስለ እኔና ስለ እሱ ያሰበውን ነገረኝ። ትልቅ ሰው ሲጨነቅ ያሳዝናል እማማ፤ የጨው ዕቃውን እያነሳ መልሶ ሲያስቀምጥ ጠረጴዛው በጨው ተሞላ። እኔም የልጅዎ ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አይወርድም አልኩት። እሱን አውርጄ የምሰቀል እኔ ማነኝ አለኝ።

ምን እንደመለስኩለት አልጽፍልዎትም። አፍሬ አይደለም፤ ፊትዎን እያየሁ ልነግርዎት ስለምፈልግ ነው። ልጅቷ ለዕረፍት እርስዎ ዘንድ ስትመጣ ስለ አባቷ ያጫውቷት። ከዚያ ስለ እኔም ያጫውቷት፤ ከእርስዎ የሰማችው ይቀላታል። ይዘዋት ሲመጡ ደግሞ እንደ ወትሮው የቤት ልብስ ብቻ ይዘው እንዳይመጡ። ለክብር ቀን ያስቀመጡትን ቀሚስ ይያዙልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ከደጃፍዎ ሰላም አይጥፋ። ምርቃትዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ