ለፊልሙ ስም አወጣሁለት

ደሳለኝ፣ የልጆቼ አባት፣

ሙት ዓመትህን አውጥተን ክረምቱንም ተሻገርን። እንደምን አለህ ልልህ ነበር፤ መልስህን ስለማልሰማ ተውሁት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ አሸንፌአለሁ! ቆይ፣ በተራ ልንገርህ።

ከሄድህ በኋላ ቪዲዮ ቤታችን ተዘግቶ ከረመ። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ታደሰ መጥተው፣ ደምበጫ ውስጥ ስልክ ያልያዘ የለም፣ ከእንግዲህ ከፍሎ ፊልም የሚያይ አይመጣም፣ ቤቱን ለእህል ነጋዴ እናከራየው አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ ለልጆቹ አስበው ነው። እኔ ግን ያንን ቤት በጆንያ ተሞልቶ ማየት አልቻልሁም። አንድ የገበያ ቀን ልሞክር፣ ካልሆነልኝ ቁልፉን ይውሰዱ ብዬ ለመንኋቸው።

ሰው ይመጣ የነበረው ለፊልሙ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በር ላይ በሰቀልኸው ሰሌዳ በጠመኔ የምትጽፈውን ስም ብሎ ነው። የፈረንጁን ርእስ ማን ያነበዋል እያልህ ፊልሙን ሁሉ እንደገና ክርስትና ታነሣው ነበር። በሰማይ ለሚበረው ሰውዬ «ነፋስ የመታው ጋቢ»፣ ተኩሶ ተኩሶ ለማያልቅበት «ጥይት የሚወልድ ሽጉጥ»፣ ማለቂያ ላጣው የፍቅር ተከታታይ ደግሞ «ዘንድሮም አልተጋቡም»። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ያደግህ ነህና የዚያንም ደንብ አምጥተህ ተከልህብን። ፊልሙ ሲያልቅ ስሙ ከገጠመ ተመልካቹ «ይበል!» ይላል፣ ካልገጠመ ዝም ብሎ ይወጣል። ዝም ያሉህ ቀን ራት አትበላም ነበር። እኔም በሆዴ ስስቅብህ አመሻለሁ።

እንግዲህ ተራው የኔ ሆነ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ አንተን ልምሰል ብል ምንም አልመጣልኝ አለ። ገብቼ ፊልሙን ብቻዬን አየሁት። አንድ ጎበዝ የአባቱን ሣጥን ፍለጋ ባሕር ይሻገራል፣ አውሮፕላን ያፈነዳል፣ በረሃ ለበረሃ ይንከራተታል፤ ለካ ሣጥኑ የገዛ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ኖሯል። ሚስቱ ብቅ ያለችው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ያውም ስታለቅስ። መነጽርህ ሲጠፋብህ ቤቱን የምታምሰው ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ወጥቼ «ሚስቱን ቢጠይቅ ኖሮ» ብዬ ጻፍሁ።

ገበያው ሲፈታ ሰው ገባ። ድሮ በር ላይ አንብበው ስቀው ብቻ የሚያልፉት ሴቶች ሳይቀሩ ገቡ። ጋሼ ታደሰም ቁልፉን ሊረከቡ ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጎበዙ ጓዳውን ከፍቶ ሣጥኑን ሲያገኘው ቤቱ ጸጥ አለ። ጉድ ሆንሁ አልሁ። ፊልሙ አለቀ፣ አሁንም ጸጥ። ከዚያ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ብድግ ብላ «ይበል!» አለች። ሴቶቹ ተከተሏት፣ ወንዶቹም እየሳቁ ተቀበሉ። ደሳለኝ፣ ጣራው ሊነሣ ደረሰ! እውነቱን ልንገርህ፣ ባንተ ጊዜ እንዲያ ሲባል አልሰማሁም።

ጋሼ ታደሰ እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ስለ ቁልፉ ትንፍሽ አላሉም፤ የሚመጣው ገበያ ምን ልታሳዪ ነው ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እኔም ቤቱን ዘግቼ ብቻዬን አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ነው፣ አንተም ባለመኖርህ ነው።

አሁን በየገበያው ቀን ቤቱ ይሞላል። ልጆችህ ማዕድ ላይ ለፊልም ስም ሲያወጡ ይጣላሉ። ትልቋ ምላስህን ወርሳለች፣ እግዜር ይሁነን።

እረሳህ ይሆን ብለህ አትስጋ። ጠመኔ ባነሣሁ ቁጥር ደሳለኝ ቢሆን ምን ይል ነበር እላለሁ፣ ከዚያም ካንተ የተሻለ እፈልጋለሁ። አንተን ከረሳሁማ ማንን ልበልጥ ነው?

ሚስትህ፣ አሁን ደግሞ ተፎካካሪህ፣
እናኑ