መሬት ላይ ያስቀመጡን እናት፦ የወይዘሮ ዶሪካ ካቡስዌ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዶሪካ ካቡስዌ ከአባታቸው ከአቶ ካቡስዌ ቺለሼ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንጎሳ እ.ኤ.አ. በ1924 በባንግዌሉ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ቺሳንጋ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ከስድስት ልጆች አምስተኛዋ ሲሆኑ፣ ስድስተኛዋ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የእኔ እናት ናቸው። በእኛ ዘንድ የእናት እህት እናት ስለሆነች እኔም በሕይወታቸው ሳሉ ከ"ማዮ"፣ ማለትም "እናቴ"፣ በቀር በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ወንዶቹ ወደ መዳብ ማዕድን ሄደው መንደሩ ባዶ በቀረበት በዚያ ዘመን፣ ከማዕድኑ ከተማ የሚመጣውን ደብዳቤ ለሚስቶቹ የሚያነቡት የአሥራ ሁለት ዓመቷ ዶሪካ ነበሩ። ክፉ ወሬ ሲያጋጥማቸው አንብበው ሳይጨርሱ ያለቅሱ እንደነበር እናቴ ይናገራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1941 ከማዕድን ሠራተኛው ከአቶ ላሜክ ምዊንጋ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ወደ ካሎንጎ ከተማ መጡ። በማግስቱ ዓመት የበኩር ልጃቸው ሙሶንዳ ተወለደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው "ባና ሙሶንዳ"፣ የሙሶንዳ እናት፣ በሚለው ስም ነው። ቀጥሎም ኤስናርትና ፌሊስተስ ተወልደዋል።

በዚያን ጊዜ፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር፣ ጥቁር ሰው በሥጋ ቤቱ የፊት በር አይገባም ነበር። ጎን ላይ በተከፈተች ጠባብ መስኮት እጁን ሰድዶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥጋ ይቀበላል። ምን እንደተሰጠው የሚያየው ቤቱ ገብቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ባና ሙሶንዳ ጥቅልላቸውን እዚያው መስኮቱ ሥር ፈትተው የሸተተ አጥንት ቢያገኙ፣ መልሰው በመስኮቷ አስገቡና ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሴቶች አብረዋቸው ቆሙ፤ በሳምንቱ ሁለት መቶ ሆኑ። አምስት ሳምንት ሙሉ ካሎንጎ ሥጋ አልበላም። አንዲት ጎረቤት ሥጋ ገዝታ ከቀሚሷ ሥር ሸሽጋ ስታልፍ ጎረምሶች ከበው ሊቀሟት ሲሉ ባና ሙሶንዳ መሐል ገቡ።

"ተዉአት! ልጇ ታሞባት ይሆናል፤ ምን ታውቃላችሁ? መንካት ያማረው መጀመሪያ እኔን ይንካ።"

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ከመስኮቱ አልገዛችም። በስድስተኛው ሳምንት የፊት በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ለነፃነት የሚታገለው ፓርቲም የሴቶች ክፍል ኃላፊ አድርጎ መረጣቸው። በሰልፍ የሚወጣ ሁሉ እጁ ባዶ እንዲሆን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ይህ ደንብ ብዙዎችን አላስደሰተም። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1961፣ በሌላ አውራጃ ታጋዮች ድልድይ ሲቆርጡና መንገድ ሲዘጉ፣ "ባና ሙሶንዳ እንግሊዝን በመዝሙር ሊያባርሩት ነው" እያሉ የሚያሾፉ በርክተው ነበር።

ከአሿፊዎቹ አንዱ የገዛ ልጃቸው ነበር። ሙሶንዳ በዚያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ በማዕድኑ ጽሕፈት ቤት የጸሐፊነት ሥራ የሚለማመድ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ነበር። በዚያው ዓመት ትልቁን ሰልፍ በወጣንበት ቀን ጠዋት እኔም እቤታቸው ነበርኩ።

"ማዮ፣ እነሱ ጠመንጃ ይዘው እኛ ባዶ እጃችንን? እባክዎ አንዲት ድንጋይ እንኳ በኪሴ ልያዝ፤ ለድምቀት ያህል።"

"ካላወጣሃት ከእኔ ጋር አትሄድም።"

አወጣና እግራቸው ሥር አስቀመጠ። "እሺ፣ እንግሊዝ ዛሬ በማዮ አማላጅነት ተረፈ" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ወደ አውራጃ አስተዳዳሪው ቢሮ የሄድነው አራት መቶ እንሆናለን። የታሰሩት መሪዎች እንዲፈቱና የመምረጥ መብት እንዲሰጠን የሚጠይቅ ደብዳቤ ይዘን ነበር። ደብዳቤውን የሚቀበል ሰው አልወጣም። የፖሊስ አዛዡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንድንበተን አዘዘ። ባና ሙሶንዳ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ "ተቀመጡ። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ማንም እንዳይነሳ" አሉ። ሁላችንም መሬት ላይ ተቀመጥን።

ሙሶንዳ ከእናቱ ሦስት ሰው አልፎ ነበር የተቀመጠው። አምስቱ ደቂቃ አልቆ አንድ ፖሊስ ሲመጣበት አይቶታል፤ እጁን ግን ከጭኑ ላይ አላነሳም። የጠመንጃው ሰደፍ ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን መታው። እናቱ ስሙን እየጠሩ ሊነሱ ሲሞክሩ ሁለት ፖሊሶች ክንዳቸውን ይዘው ወደ መኪና ጎተቷቸው። አራት ወር ታሰሩ። ልጃቸው ይሙት ይዳን በእነዚያ አራት ወራት የነገራቸው የለም።

ተፈተው ሲመጡ ሙሶንዳን ቤት አገኙት። አንደበቱ ተዘግቷል፣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ በየቀኑ ያንቀጠቅጠዋል። ሐኪሞች ሌላ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገሯቸው። የተቀመጠው ሕዝብ ፎቶግራፍ ባሕር ተሻግሮ በጋዜጣ መውጣቱን፣ ለነፃነቱ ድርድርም መጥቀሙን የፓርቲው ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው አበሠሯቸው። እሳቸውም አመሰገኑና ልጃቸውን ማጉረስ ቀጠሉ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በእጃቸው አጎረሱት።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1964 አገራችን ነፃ ስትወጣ ከክብር እንግዶች ጋር እንዲቀመጡ መኪና ተላከላቸው። አቶ ላሜክ "ሂጂ፣ እኔ አለሁለት" ብለዋቸው እሳቸውም ለብሰው ወጥተው ነበር። ነገር ግን የበዓሉ መድፍ ሲተኮስ ሙሶንዳ ደንግጦ ወደቀ። እናቱ ተመልሰው የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው ከጭንቅላቱ ሥር አነጠፉለት፤ መኪናው ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፓርቲው ወጣቶች የአባልነት መታወቂያ ያልያዙ ነጋዴ ሴቶችን ከገበያ በዱላ ሲያባርሩ፣ ባና ሙሶንዳ ሄደው በገበያው በር መሬት ላይ ተቀመጡ። "ይነሱ እናታችን፤ ያ ዘመን አልፏል" አሏቸውና እየሳቁ ተራምደዋቸው ገቡ። እስኪመሽ ተቀምጠው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣ የእኛው አገር ሰው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ተንበርክኮ፣ በእኛ የአክብሮት ልማድ እጁን እያጨበጨበ፣ "ማዮ፣ የመታሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ" አለ።

ባና ሙሶንዳ ወደ ልጃቸው አመልክተው፣ "እኔን አልመታኸኝም። የመታኸው ያውልህ፤ እሱን ጠይቀው" አሉት።

ሰውዬው ከሙሶንዳ ፊት ተቀምጦ ጠየቀው። ደግሞ ጠየቀው። ሙሶንዳ ግድግዳውን ያያል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲሁ ተቀምጦ ቆየና ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ባና ሙሶንዳ ለሰውዬው ምግብ አቅርበውለት ነበር፤ ሳይነካው መቅረቱ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆጫቸው ነበር።

ባለቤታቸው አቶ ላሜክ እ.ኤ.አ. በ1978 በሳንባ ሕመም፣ ሙሶንዳም በ1990 በአርባ ስምንት ዓመቱ ዐርፈዋል። ባና ሙሶንዳ የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ላለፉት ሰባት ወራት ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ስለ ትዕግሥታቸው የሰማሁትን ምስጋና ባነሳላቸው እንዲህ አሉኝ፦

"ታጋሽ አልነበርኩም፣ ልጄ። የማደርገው ጠፍቶኝ ነው። ያ ቀን ቢመለስ ሕዝቡን ያው ተቀመጡ ነው የምለው። ሙሶንዳን ግን ምን እንደምለው እስከዛሬ አላውቅም።"

እኔም እጃቸውን ይዤ አመሸሁ።

ወይዘሮ ዶሪካ ካቡስዌ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1998 በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የአንድ ወንድና የሁለት ሴቶች ልጆች እናት፣ የዘጠኝ የልጅ ልጆች አያትና የሦስት የልጅ ልጅ ልጆች ቅድመ አያት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው፣ እናቴ፣ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበል። እኛ ልንመልስላቸው ያልቻልነውን እርሱ ይመልስላቸው።